ጓሳ ለአምስት ዓመት ሲዘጋ

የአዲስ አበባ መጽሐፍ አዟሪዎች ክምር አናት ላይ ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው ራስን ስለማሻሻል የተጻፈ መጽሐፍ ነው። ምክሩም ይመሳሰላል፤ በማለዳ ተነሣ፣ ቆጥብ፣ ፍላጎትህን ግታ፣ የዛሬውን ለነገ አሳድር። ክፋት የለውም። ችግሩ ምክሩ የሚሰጠው ክፍሉን ዘግቶ ብቻውን ለተቀመጠ ሰው መሆኑ ነው። ሰውዬው ሦስት ቀን ይበረታል፣ በአራተኛው ይሰንፋል፣ ከዚያ ራሱን ይረግማል።

ከዋና ከተማዋ በስተሰሜን፣ መንዝ ውስጥ፣ ይኸው «የዛሬን ለነገ ማሳደር» የሚባለው ነገር ከ300 ዓመት በላይ የሆነ ታሪክ አለው። እዚያ ግን ማንም ብቻውን አልተተወም። ታሪኩ የሣር ታሪክ ነው።

ከደብረ ብርሃን አልፎ ጣርማ በር የደረሰ መንገደኛ፣ ጣሊያን የፈለፈለውን ዋሻ ትቶ በተራራው አናት ወደ መሐል ሜዳ ቢያቀና ጓሳን ያገኛል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ የተዘረጋ፣ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ሜዳና ኮረብታ ነው። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ጭላዳው በመንጋ ሣር ሲነጭ ይውላል፤ በዓለም ላይ ቁጥሩ እጅግ የተመናመነው ቀይ ቀበሮም አይጥ ፍለጋ ያንዣብባል።

በዚህ ከፍታ ጤፍ አይታሰብም። ጤፍ ወደ መርሐቤቴ፣ ወደ ጀማ ሸለቆ አቅጣጫ ሲወረድ ነው። የመንዝ ደጋ የገብስ አገር ነው። እንጀራው ገብስ፣ ጠላው ገብስ፣ ቆሎው ገብስ፣ ለመንገደኛ የሚቋጠረው በሶም ገብስ። የበልጉ ዝናብ ከቀረ፣ ወይም ጥቅምትና ኅዳር ላይ ውርጭ ከመታ፣ ጎተራው ባዶውን ያድራል። ስለዚህ የመንዝ ቤተሰብ በአንድ እግሩ እህል ላይ፣ በሌላው በግ ላይ ቆሞ ኖሯል። ከበጉ ሥጋ ብቻ አይደለም የሚገኘው። ሴቶች ጠጉሩን ይፈትላሉ፣ ወንዶች ይሸምናሉ፣ ባና ይሆናል። ያንን ብርድ ያለ ባና ማሳለፍ አይቻልም።

በእህልና በበጉ መካከል ያለው ደግሞ ሣሩ ነው። ጓሳ የሚባለው ሣር (ቦታውም ስሙን ያገኘው ከእሱ ነው) ረጅምና ጠንካራ ነው። የቤት ክዳን የሚሆነው እሱ ነው። ገመድ ይገመድበታል፤ በክረምት እረኛው የሚደርበው ገሳ ይሠራበታል። አብሮት የሚበቅለው ጨረንፌ የሚባል ቁጥቋጦ ደግሞ ለማገዶ ይሆናል፤ ዛፍ በማይገኝበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በክፉ ዓመት ከብቱ የሚሸሸውም ወደ ጓሳ ነው። በአጭሩ ጓሳ የመንዝ ሰው ጣሪያ፣ ማገዶና የመጨረሻ ጎተራ ነበር።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ነገር ለሁሉም ክፍት ሆኖ ቢተው ምን ይሆናል? አሜሪካዊው ጋሬት ሃርዲን በ1968 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባሳተመው ዝነኛ ጽሑፍ መልሱን እርግጠኛ ሆኖ ሰጥቶ ነበር፤ የጋራ ግጦሽ መጥፋቱ አይቀርም፣ እያንዳንዱ አንድ በግ ሲጨምር ትርፉ የራሱ፣ ጉዳቱ የሁሉም ነውና። ሃርዲን መንዝን አያውቅም። ሲጽፍም የመንዝ ሰዎች ይህን ችግር ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ያስተዳድሩት ነበር።

የሚያስተዳድሩበት ሥርዓት ቄሮ ይባላል። የዛሬ አንባቢ ስሙን ሲሰማ ሐሳቡ ወደ ሌላ ቦታ መሄዱ አይቀርም፤ የመንዙ ቄሮ ግን ከቅርብ ዓመታቱ ፖለቲካ ጋር አይገናኝም። ጓሳን የመጠበቅ፣ የመዝጋትና የመክፈት ሕግ ነው። በአፈ ታሪኩ መሠረት አስቦና ጌራ የተባሉ አቅኚ አባቶች አገሩን ሲይዙ ጓሳንም ተካፈሉት። ተጠቃሚዎቹ የሚመርጧቸው አለቆች ነበሯቸው። አለቃው ሲወስን ጓሳ ይዘጋል፤ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ድረስ ማጨድም፣ ማገዶ መልቀምም፣ ከብት ማስገባትም ክልክል ነው። ጥበቃው በየተራ በነዋሪው ይካሄዳል። ሕጉን የጣሰ ከባድ ቅጣት ይጠብቀዋል፤ ቤተ ክርስቲያኗም ከጎኑ ስለነበረች ጥፋቱ ከጎረቤት ጋር ብቻ ሳይሆን ከእምነትም ጋር ያጣላል።

አምስት ዓመት በወሬ ይቀላል። አንድ ቤተሰብ ግን በሦስተኛው ዓመት ክረምት ላይ ጣሪያው ቢያፈስስ፣ ልጆቹ እርጥብ መደብ ላይ ቢተኙ፣ የሚክደንበት ሣር ከበሩ ፊት ለፊት በወገብ ቁመት ቆሞ ያያል። አያጭደውም። ለምን? የመንዝ ሰው ከሌላው የበለጠ ጨዋ ስለሆነ አይደለም። አባወራው ቢፈተን ጎረቤቱ ያየዋል፤ ጎረቤቱ ቢፈተን እሱ ያየዋል። ደግሞም ሣሩ ሲከፈት የእሱ ድርሻ እንደሚጠብቀው ያውቃል። ራስን መግታት እዚያ የአንድ ሰው ጀግንነት አልነበረም፤ ተራ የጥበቃ ግዴታ ነበር። አሜሪካዊቷ ኤሊኖር ኦስትሮም ይህን የመሳሰሉ የጋራ ሥርዓቶችን ከየአገሩ ሰብስባ አጥንታ በ2009 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በምጣኔ ሀብት የኖቤል ሽልማት ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆናለች።

እዚህ ላይ ታሪኩን ማቆም ያምራል፤ ግን ውሸት ይሆናል። ቄሮ የሁሉም አልነበረም። ጓሳ ላይ መብት ያለው ዘሩን ቆጥሮ ከአቅኚዎቹ መድረስ የሚችል ባለ ርስት ነበር። ርስት በእናትም በአባትም ስለሚቆጠር መረቡ ሰፊ ነው፤ ቢሆንም ከውጭ መጥቶ የሰፈረው፣ ርስት የሌለው፣ እዚያው ተወልዶ እዚያው ብርድ እየቀመሰ ሣሩን ከሩቅ ያያል። የእሱም ጣሪያ ያፈስሳል። ለእሱ ጓሳ በአምስት ዓመቱም አይከፈትም። ስለ ድሮው ሥርዓት ጥበብ የሚያወሱ ብዙዎች ይህችን ነገር ዘለው ያልፋሉ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገውን አዋጅ ሲያወጣ፣ ርስት ሞተ። ርስት ሲሞት በርስት ላይ የቆመው ቄሮም አብሮ ሞተ። ውጭ ቆሞ ሲያይ ለኖረው ሰው ይህ ፍትሕ ነበር፤ መብቱም ሳይዘገይ እጁ ገባ። ነገር ግን አዋጁ ጓሳን ለሁሉም ሲከፍት የሚዘጋው ሰው አልሾመም። ሣሩ በየጊዜው ታጨደ፣ ጨረንፌው ተለቀመ፣ ከጠርዙም የታረሰ አለ። ያ ሁሉ ትውልድ ያሳደረው ሣር በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሳሳ። ሃርዲን የተነበየው የደረሰው ሥርዓቱ እያለ ሳይሆን ሥርዓቱ ከፈረሰ በኋላ ነው። የ77ቱ ረሃብ የመንዝና ግሼ አውራጃን ሲመታም መሸሻው እንደ ድሮው አልነበረም።

የሚገርመው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። የአካባቢው ሰው ቄሮን እንዳለ አልመለሰውም፣ መመለስም አይችልም ነበር። በጓሳ ዙሪያ ያሉት ቀበሌዎች የለመዱትን ሌላ ነገር ይዘው መጡ፤ እድር። ለቀብር የሚሰበሰበው ሰው ለሣርም ተሰበሰበ። በእድር ደግሞ አባል የሚያደርገው መዋጮና ጉልበት ነው፤ ዘር አይቆጠርም። ውሎ አድሮ የማኅበረሰብ ምክር ቤት ተቋቋመ፣ በ2000ዎቹ መጀመሪያም የአማራ ክልል ቦታውን በማኅበረሰብ የሚተዳደር ጥብቅ ሥፍራ አድርጎ በሕግ አወቀው። መዝጋትና መክፈቱ ቀጠለ። አሁን ግን ድሮ ከአጥር ውጭ የነበረው ሰው ልጅም ማጭዱን ይዞ ይገባል።

ተመሳሳይ ነገር በበጉም ላይ ደርሷል። የመንዝ በግ ትንሽ ነው፣ ግን ብርዱንና ረሃቡን ይችላል። መንግሥት ለረጅም ጊዜ «ይሻሻል» ያለው ከውጭ በመጣው አዋሲ በግ በማዳቀል ነበር፤ የአመድ ጉያ የብዜት ማዕከልም ለዚህ ሠርቷል። ይሁን እንጂ የበጉ ትልቁ ችግር ቤት ውስጥ ነበር። ገበሬው የግብር፣ የጨው፣ የልጅ ደብተር ገንዘብ ሲያስፈልገው ገበያ የሚወስደው ቶሎ ያደገውንና የሚያምረውን ጠቦት ነው፤ ጥሩ ዋጋ የሚያወጣው እሱ ነዋ። እቤት ቀርቶ የሚያስረግዘው የማይሸጠው ይሆናል። በየዓመቱ ምርጡ ይሄዳል፣ ደካማው አባት ይሆናል። አንድ ቤት ብቻውን ምርጡን አውራ ላስቀር ቢል የሚከስረው እሱ፣ የሚጠቀመው በአንድ ሜዳ የሚያሰማራው ጎረቤት ሁሉ ነው።

በ2000ዎቹ መጀመሪያ መሐል ሜዳና ሞላሌ አካባቢ ገበሬዎችና የደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከል ከዓለም አቀፍ ተቋማት ጋር የጀመሩት ሥራ ይህን ነው የነካው። የጠቦቶቹ ክብደት ይመዘገባል። ባለቤቶቹና የመረጧቸው ሰዎች ተሰብስበው ከራሳቸው መንጋ ምርጡን አውራ ይለያሉ። የተመረጠው ቶሎ እንዳይሸጥ ይደረጋል፣ መንደሩም በጋራ ይጠቀምበታል።

ቤት ውስጥ ያለው ክርክር ግን አልቀረም። መስከረም ጠብቶ ትምህርት ቤት ሲከፈት ሚስት ደብተሩን ታነሣለች፣ ባል ግብሩን ያነሣል፣ ሁለቱም ዓይናቸው በረቱ ላይ ያርፋል። ሌላ በግ ተፈልጎ፣ ከሲታው ይሁን ያረጀችው ተብሎ፣ በገመድ ተስቦ ወደ ገበያ ይሄዳል። አውራው ከመንጋው ጋር ይውላል፤ የመጪው ዓመት ግልገሎች አባት እሱ ነውና።