አኮ ማኖዬና የጌዴኦ ባሌ ሥርዓት

በዲላና በአካባቢው ስለ ጥንት አገዛዝ ሲነሣ የማይታለፍ ስም አለ፤ ይኸውም አኮ ማኖዬ የሚለው ነው። («አኮ» በኦሮምኛ ሴት አያት ማለት ነው።) በጌዴኦም በጎረቤቱ በጉጂ ኦሮሞም ዘንድ እንደሚተረከው፣ አኮ ማኖዬ ወንዶችን በግፍ የምትገዛ፣ የማይቻል ትእዛዝ የምታዝ ንግሥት ነበረች። ከሚጠቀሱት ትእዛዞቿ አንዱ በሰማይና በምድር መካከል የተንጠለጠለ ቤት ሥሩልኝ የሚለው ነው። ወንዶቹ ሲጨንቃቸው አንድ ሽማግሌ ያማክራሉ። እርሱም «መሠረቱን እርስዎ ይጣሉልን፣ ቀሪውን እኛ እንሠራለን በሏት» ብሎ ይገላግላቸዋል። በመጨረሻም አፉ በቁርበት በተሸፈነ ጉድጓድ ገብታ ትጠፋለች።

ተማሪዎች ይህን ትረካ ከመስክ ሰብስበው ሲያቀርቡ፣ «በየትኛው ክፍለ ዘመን ነገሠች?» የሚል ጥያቄ አይቀርም። ጥያቄው የሚመነጨው ከጽሑፍ ልማዳችን ይመስለኛል። የነገሥታት ዝርዝሮቻችን ቀዳማዊ ምኒልክን በታሪክ ከሚታወቁት የአክሱም ነገሥታት ጋር በአንድ ሐረግ ያያይዛሉ። በአየርላንድም የሆነው ይኸው ነው፤ በፍርድ አዋቂነቱ የሚወደሰውን አፈ ታሪካዊ ንጉሥ ኮርማክ ማክ አርትን እ.ኤ.አ. ከ1632 እስከ 1636 የተጠናቀረው የአራቱ ሊቃውንት ዜና መዋዕል የንግሥና ዘመን ቆጥሮለት ከታሪክ ሰዎች ተርታ አሰልፎታል።

ጌዴኦ ግን ለአኮ ማኖዬ ዘመን አልቆጠረላትም። የሚቆጠረው ከእርሷ በኋላ መጣ የሚባለው የባሌ ሥርዓት ነው (ከባሌ ክፍለ ሀገር ጋር አይምታታ)። በዚህ ሥርዓት ሥልጣን በየ8 ዓመቱ ይሸጋገራል፤ አባ ገዳው ዘመኑን ሲፈጽም ለተረካቢው ያስረክባል፤ የሕዝቡ ጉዳይም በሶንጎ ይመከርበታል። ስለዚህ ትረካው የአንዲት ንግሥት ዜና ከመሆን ይልቅ፣ ሥልጣን ያለ ገደብ በአንድ ሰው እጅ ሊቆይ የማይገባው ስለምን እንደሆነ የሚያስረዳ የሕግ መግቢያ ነው ብል ከእውነት የራቅሁ አይመስለኝም። ክፍለ ዘመን ብንለጥፍበት ይህ ፍሬው ይጠፋል። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ደግሞ ፈተናው በርትቷል፤ እንግዳ ዓመተ ምሕረት ይወዳል፣ ትክል ድንጋይም ባለቤት እንዲፈለግለት ይጋብዛል።

አንድ ነገር ግን ሳይነሣ ሊታለፍ አይገባም። በሶንጎ ተቀምጠው ይህን የሚተርኩት ወንዶች ናቸው። ግፈኛዋ ሴት፣ ብልሁ ሽማግሌ ወንድ መሆኑ፣ ሴቶች ከሸንጎው የራቁበትንም ምክንያት አብሮ ያቀርባል። ለመስክ ሥራ የሚወጡ ተማሪዎቼ ከሶንጎ ሽማግሌዎች በፊት እንሰት የሚፍቁ እናቶችን እንዲጠይቁ የማዘው ለዚህ ነው።