ብቸኛ ክንፍ

ከሴቻ አፋፍ ቆሞ ቁልቁል ለሚያይ ሰው ሁለቱ ሐይቆች አይመሳሰሉም። አባያ ጎርፍ የገባበት ወንዝ መስሎ ቀልቷል፤ ጫሞ የሰማዩን ቀለም ይዟል። በመካከላቸው የእግዜር ድልድይ የሚሉት ሸንተረር ተጋድሟል፤ ከዚያ ማዶ የነጭ ሳር ሜዳ አለ። አርባ ምንጭ የሚወርድ እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው የጫሞን አዞዎች ለማየት ነው። እኔን ያመጣችኝ ግን አንድ ክንፏ ብቻ የተገኘ ወፍ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1990 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዝ አገር የመጡ ተመራማሪዎች በነጭ ሳር ፓርክ ያለውን እንስሳና ዕፅዋት ሲመዘግቡ፣ መኪና የጨፈለቃት አንዲት ወፍ መንገድ ላይ ወድቃ አገኙ። ቀን መሬት ላይ ተለጥፋ የምትውል፣ ሲመሽ በራሪ ነፍሳትን የምታድን ወገን ናት። «የሌሊት ወፍ» እንዳልላት ስሙ በሌላ ፍጥረት ተይዟል። ከገላዋ ለጥናት የሚሆነው አንድ ክንፍ ብቻ ነበርና እርሱን ይዘው ሄዱ። ክንፉ ከሚታወቁት ዝርያዎች ከአንዱም ጋር አልገጠመም። በ1995 አምስት ሰዎች፣ አንዱ ኢትዮጵያዊ፣ «አይቢስ» በተባለው የአዕዋፍ ጥናት መጽሔት አዲስ ዝርያ ብለው አወጧት፤ በላቲን «ሶላላ»፣ ማለትም «ብቸኛ ክንፍ»፣ ብለውም ሰየሟት። ክንፉ ዛሬ እንግሊዝ አገር በትሪንግ ቤተ መዘክር ይገኛል።

በ2009 አራት ሰዎች ሌሊት በመብራት ሲፈልጓት ሜዳው ላይ እንዳዩዋት ተናገሩ፤ ከመካከላቸው ቬርነን ሄድ በ2014 ስለ ፍለጋው መጽሐፍ አሳተመ። ራሷን የቻለች ዝርያ ናት ወይስ የሁለት ዝርያዎች ዲቃላ የሚል ጥያቄም ተነሥቷል።

ሸንተረሩ ላይ ቆሜ ጫሞን ቁልቁል ሳይ ሌላ ጎዶሎ ታሪክ ትዝ አለኝ። የድሮ የአውሮፓ ካርታዎች አባያን «ማርጌሪታ»፣ ጫሞን ደግሞ «ሩስፖሊ» ይሏቸው ነበር። የመጀመሪያው የኢጣሊያ ንግሥት ስም ነው፤ ሁለተኛው በ1893 በዚህ በደቡብ ሲዘዋወር ዝሆን የገደለው የኢጣሊያዊው ልዑል የኤውጄኒዮ ሩስፖሊ ስም ነው። ከሞተ በኋላ ጓዙ ውስጥ የሶሪት ዘመድ የሆነች የአንዲት ወፍ ቆዳ ተገኘ። ከየት እንዳገኛት ግን አልጻፈም። ሳልቫዶሪ የተባለው ሊቅ በ1896 በልዑሉ ስም ሰየማት፤ አገሯ የት እንደ ሆነ ሳይታወቅ ግን ብዙ ዐሥርት ዓመታት አለፉ። እንግዲህ አንዷ አካል ኖሯት ቦታ አጣች፤ ሌላዋ ቦታ ኖሯት አካል አጣች።

ታሪክ የሚጽፍ ሰው ዕጣም ከዚህ አይርቅም። ከአንድ ደብዳቤ፣ ከአንድ የመቃብር ድንጋይ፣ ከአንድ ክንፍ ተነሥቶ ሙሉዋን ወፍ ማብረር ይቃጣዋል። ክንፍ እንኳ ያልተረፈለት ግን ማን ይጽፍለታል?

የነጭ ሳር ፓርክ በ1974 እ.ኤ.አ. ሲከለል ሜዳው ባዶ አልነበረም፤ ጉጂዎች ከብት ያረቡበት፣ ኮሬዎች ያረሱበት ምድር ነው። በ2004 የፓርኩ አስተዳደር ለአንድ የውጭ ድርጅት በውል ሲሰጥ፣ ኮሬዎች ወደ ሌላ ስፍራ እንዲሰፍሩ ተደረገ፤ የጉጂዎችም ቤቶች ተቃጠሉ። ድርጅቱ ብዙ ሳይቆይ ትቶ ሄደ። የወፏ ክንፍ በቤተ መዘክር መሳቢያ በክብር ተቀምጧል፤ የዚያን ቤት ምሰሶ አመድ ግን ያኖረ መሳቢያ የለም።

አብረውኝ የወጡት ሽማግሌ ጠባቂ ይህን ስነግራቸው ዝም ብለው አዳመጡና፣ «ልጄ፣» አሉኝ፣ «ወፏን አንድ ሌሊት ያየ ፈረንጅ መጽሐፍ ይጽፋል። እኔ ስንት ሌሊት እዚህ አድሬ ምን እንደ ሰማሁ ግን የጠየቀኝ የለም።»

«እኔ እጠይቅዎታለሁ፣ አባቴ፤ ምን ሰሙ?» አልኋቸው።

ፈገግ አሉ። «ቁጭ በል፤ ረጅም ነው።»

ቁጭ ብዬ ሰማኋቸው። ሊመሽ ሲል ስንመለስ ከመኪናችን ፊት፣ ከመንገዱ አቧራ ላይ፣ አንዲት ወፍ ያለ ድምፅ ተነሥታ ሣሩ ውስጥ ተሰወረች። ልቤ «እሷ ናት» አለኝ። ነገር ግን የቀደሙት ሊቃውንት ያልያዙትን ይዘናል አላሉም፤ ስሟን እንኳ ከጎደላት ነገር አወጡላት። እኔም ማስታወሻዬን ገልጬ ቀኑንና ቦታውን፣ የሽማግሌውንም ቃል ከጻፍሁ በኋላ፣ ከሥሩ «አንዲት ወፍ፤ ማንነቷ አልታወቀም» ብዬ አሰፈርሁ።