በቤት ማቆያ የገባ መቶ እግር ድንገተኛ ሞት

የመቶ እግር ድንገተኛ ሞት የሚባለው ከዱር ተይዞ ወይም ከሻጭ ተገዝቶ ወደ ቤት የገባ መቶ እግር ይህ ነው የሚባል የሕመም ምልክት ሳያሳይ በቀናት ወይም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሲሞት ነው። መቶ እግርን በመስታወት ወይም በፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ማኖር በአውሮፓ፣ በሰሜን አሜሪካና በምሥራቅ እስያ ብዙ ወዳጆች ያሉት ልማድ ነው። በኢትዮጵያ ግን እንስሳው በይበልጥ የሚታወቀው ድንጋይ ሲነሣ ከሥሩ ሲሸሽ ወይም በክረምት ወደ ቤት ሲገባ ነው። ይህ መጣጥፍ የሞቱን መንስኤዎችና መከላከያዎች ያብራራል፤ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ በአቃቂ ቃሊቲ ካለው አፈር፣ አየርና ውሃ ጋርም ያገናዝባል። ሞቱ ድንገተኛ የሚመስለው እንስሳው ጉዳቱን በውጭ ስለማያሳይ ነው። መንስኤው ግን ብዙ ጊዜ ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት ወይም በገባ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የተጀመረ ነው።

ስለ እንስሳው

መቶ እግር ከነፍሳት፣ ከሸረሪትና ከጊንጥ ጋር ባለመገጣጠሚያ እግር እንስሳት ወገን ይመደባል። በሳይንስ ኪሎፖዳ በሚባለው መደብ ውስጥ ከ3,000 በላይ ዝርያዎች ተመዝግበዋል። የመደቡ ቅሪተ አካል ከ400 ሚሊዮን ዓመት በላይ ወደ ኋላ ይሄዳል። የአዋቂዎቹ የእግር ጥንድ ብዛት ከ15 እስከ 191 ሲሆን ሁልጊዜ ጎዶሎ ቁጥር ስለሆነ ልክ መቶ እግር ያለው መቶ እግር የለም። በሰው ቤት የሚኖሩት ትልልቆቹ በአብዛኛው ስኮሎፔንድራ ከሚባለው ወገን ናቸው፤ እነዚህ ባብዛኛው 21 ጥንድ እግር አላቸው። ከእነዚህ አንዱ ስኮሎፔንድራ ሞርሲታንስ ካርል ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1758 የሰየመው ሲሆን አፍሪካን ጨምሮ በብዙ ሞቃት አገሮች ይገኛል። የወገኑ ትልቁ ዝርያ፣ የሰሜናዊ ደቡብ አሜሪካው ስኮሎፔንድራ ጂጋንቴያ፣ እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል።

መቶ እግር አዳኝ ነው። ከራሱ ሥር ያሉት ሁለቱ የመርዝ መንጠቆዎች ከመጀመሪያው ጥንድ እግር የተለወጡ ናቸው። ቀን በጠባብና እርጥብ ስፍራ ይሸሸጋል፣ ሌሊት ያድናል። የስኮሎፔንድራ እናት በእንቁላሎቿና በጫጩቶቿ ላይ ተጠምጥማ ትጠብቃለች፤ ያለ አግባብ ከተረበሸች ግን ልትበላቸው ትችላለች። የመቶ እግር ዕድሜ በብዙ ዝርያዎች በዓመታት የሚቆጠር በመሆኑ በሳምንት ውስጥ የሚሞት መቶ እግር ዕድሜው ሞልቶ ነው ብሎ ማለፍ አይገባም።

ውሃ፦ የሕይወቱ መሠረት

ብዙ ነፍሳት ውሃ ከሰውነታቸው እንዳይተን የሚከላከል የሰም ሽፋን አላቸው፣ የመተንፈሻ ቀዳዳቸውንም ይዘጋሉ። መቶ እግር በሁለቱም ረገድ ደካማ ነው። ቅርፊቱ እርጥበትን በደንብ አይዝም፤ በጎኑ የተደረደሩት የመተንፈሻ ቀዳዳዎችም የነፍሳቱን ያህል አጥብቀው አይዘጉም። ደረቅ አየር ውስጥ የገባ መቶ እግር ስለዚህ በየሰዓቱ ውሃ ያጣል። ተፈጥሮ ለዚህ ድክመት የሰጠችው መድኃኒት ባሕርይ ነው፤ እንስሳው እርጥበት ወዳለበት ጥልቀት መግባት አለበት። መሸሸጊያ የሌለው ማቆያ ይህን ብቸኛ መከላከያ ይነጥቀዋል።

የሞቱ ዋና መንስኤዎች

የውሃ ማጣት። ከሁሉ በብዛት የሚገድል ይህ ነው። ከዱር የተያዘ እንስሳ ለቀናት በደረቅ ዕቃ ውስጥ ይቆይና ገዢው እጅ ሲገባ ቀድሞውኑ ተዳክሟል። ሰውነቱ ጠፍጣፋና ጠባብ፣ እንቅስቃሴው ዘገምተኛ ይሆናል። ያኔ ቶሎ ውሃ ካላገኘ ሌሊቱን ሊሞት ይችላል።

ሙቀት። በፀሐይ ላይ የተቀመጠ ሳጥን በአንድ ቀትር ገዳይ ሊሆን ይችላል። የቆርቆሮ ክዳን ያለው ቤት ቀትር ላይ የሚይዘው ሙቀትም ይኸው ነው። ሙቀቱ ራሱ ይጎዳል፣ ውሃ መትነኑንም ያፋጥናል።

የቆዳ ቅየራ መስተጓጎል። መቶ እግር የሚያድገው ቅርፊቱን ገፎ አዲስ በማውጣት ነው። ከዚያ በፊት መብላት ያቆማል፣ መልኩ ይደበዝዛል፣ ይሸሸጋል። አሮጌው ቆዳ በጭንቅላቱ በኩል ተሰንጥቆ እንደ ካልሲ ወደ ኋላ ይወልቃል። ከዚያ በኋላ አካሉ ለተወሰነ ጊዜ ለስላሳና ገርጣ ያለ ይሆናል። በዚህ ጊዜ ከተነካ፣ ወይም ሳጥኑ ውስጥ የቀረ ፌንጣ ካጋጠመው፣ አዳኙ ራሱ ሊበላ ይችላል። እርጥበት ካነሰ ደግሞ ቆዳው ከእግሮቹ ላይ ሳይላቀቅ ተጣብቆ ይቀራል።

መርዝ። መቶ እግርን የሚገድለው ለበረሮና ለትንኝ የሚረጨው ያው መድኃኒት ነው። በተለምዶ ፍሊት የሚባለው የቤት መርጫ በተነፋበት ክፍል ያለ ሳጥን፣ ወይም መርዝ የነካው በረሮ እንደ ምግብ ቢሰጥ፣ ውጤቱ አንድ ነው። መርዝ የነካው መቶ እግር ይንቀጠቀጣል፣ አቅጣጫ ያጣል፣ በጀርባው ይገለበጣል፣ ከዚያም ይሞታል።

ከመጠን ያለፈ እርጥበትና ጥገኛ ተባይ። ውሃ የተጋተና አየር የማይዘዋወርበት አፈር ሻጋታ ያበቅላል፤ ማይት የሚባሉ ጥቃቅን ቅንቅኖችም ይራቡበታል። እነዚህ በመገጣጠሚያዎችና በመተንፈሻ ቀዳዳዎች ዙሪያ ሲከማቹ እንስሳው ይታወካል። ከዱር የተያዘው ደግሞ ትሎችን ወይም የዝንብ እጮችን በሰውነቱ ውስጥ ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ የዚህ ዓይነቱን ሞት የትኛውም እንክብካቤ አያስቀረውም።

ዕድሜና ድካም። ከዱር የተያዘ አዋቂ ዕድሜው ስለማይታወቅ ወደ መጨረሻው የተቃረበ ሊሆን ይችላል። እንቁላል የያዘች እንስት በጉዞና በመያዝ ከተደናገጠች አቅሟ ይሟጠጣል።

የአቃቂ ቃሊቲ ሁኔታ

አቃቂ ቃሊቲ ከአዲስ አበባ 11 ክፍለ ከተሞች አንዱ ሲሆን ወደ ደብረ ዘይት በሚወስደው መንገድ ላይ ይገኛል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ስላለው ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ የሌሊቱ ሙቀት ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ይወርዳል። ለአካባቢው ተወላጅ መቶ እግር ይህ የለመደው ነው፤ ከሞቃት ቆላ ለመጣ ዝርያ ግን ከባድ ነው። ብዙ ጊዜ የሚታሰበው መፍትሔ፣ የ60 ሻማ አምፖል ከሳጥኑ በላይ መስቀል፣ ሌላ ጉዳት ያመጣል፤ አምፖሉ አፈሩንና አየሩን ያደርቃል። ሙቀት ካስፈለገ ክፍሉን ማሞቅ፣ ወይም ሳጥኑን ከቤቱ ሞቅ ወዳለው ጥላ ማዛወር ይሻላል።

የአካባቢው አፈር በአብዛኛው መረሬ ነው። ይህ ጥቁር ሸክላ አፈር በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ይጣበቃል፤ በበጋ ደግሞ ይደርቅና በጥልቀት ይሰነጠቃል። በመስክ ያለው መቶ እግር ስንጥቆቹንና የድንጋይ ሥሩን እንደ መሸሸጊያ ይጠቀማል፣ ክረምቱ ጉድጓዱን ሲሞላበትም ወደ ደረቅ ስፍራ፣ አንዳንዴም ወደ ቤት ይወጣል። መረሬ ብቻውን ሳጥን ውስጥ ቢሞላ ግን ሲደርቅ እንደ ጡብ ይጠነክራል፣ ሲረጥብ አየር አያስገባም፤ እንስሳውም መቆፈር ያቅተዋል። ስለዚህ በሰበሰ ቅጠል፣ ብስባሽና ልል አፈር ቀላቅሎ ማቅለል ያስፈልጋል። የባሕር ዛፍና የጥድ ቅጠል ነፍሳትን የሚያርቅ ዘይት ስላላቸው በድብልቁ ውስጥ አለመጨመር ይመረጣል።

አፈሩ ከየት እንደተነሣ መመርመር በዚህ አካባቢ ከሌላው ይልቅ ያስፈልጋል። ትልቁና ትንሹ አቃቂ ወንዞች የከተማዋን ፍሳሽና የፋብሪካዎችን ዝቃጭ ይዘው ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ይወርዳሉ። በወንዞቹ ዳር በሚለሙ የአትክልት ማሳዎች አፈርና አትክልት ላይ ከባድ ብረቶች መኖራቸው በምርምር ተረጋግጧል። በወንዝ ዳር የተቆፈረ አፈር፣ ከፋብሪካ አጥር ሥር የተሰበሰበ ቅጠል ወይም ከተረጨ ማሳ የተያዘ ፌንጣ በሳጥን ውስጥ ላለ እንስሳ ያልታየ መርዝ ነው። አፈሩ ከፍ ካለ፣ ፍሳሽ ከማይደርስበትና መድኃኒት ከማይረጭበት ስፍራ መወሰድ አለበት።

ሞቷል ወይስ ቆዳ እየቀየረ ነው?

ብዙ መቶ እግሮች በሕይወት ሳሉ ሞቱ ተብለው ይጣላሉ። ከቆዳ ቅየራ በፊትና በኋላ እንስሳው ለቀናት ሳይንቀሳቀስ ሊቆይ ይችላል። ሞትን የሚያረጋግጡ ምልክቶች አሉ፦ ረጅሞቹን አንቴናዎች በለስላሳ ብሩሽ ጫፍ ሲነኩ ምንም ምላሽ አለመኖር፣ የሚሸት ጠረን፣ የአካሉ መርገብና መጥቆር። ከእነዚህ አንዱ እስኪታይ ድረስ ሳጥኑን ማርጠብ፣ ጨለማ ማድረግና አለመንካት ትክክለኛው እርምጃ ነው።

መከላከያ፦ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

አዲስ የመጣ መቶ እግር ከምግብ በፊት የሚፈልገው ውሃ ነው። ጥልቀት የሌለው ትንሽ ሳህን፣ ለምሳሌ የሃይላንድ ክዳን፣ በውሃ ተሞልቶ ይቀመጥለታል። የሳጥኑ አፈር አንዱ ጎን ረጥቦ ሌላው እንዲደርቅ ሲደረግ እንስሳው የሚስማማውን ራሱ ይመርጣል። አፈሩ የእንስሳው አካል ሙሉ በሙሉ ሊቀበርበት የሚችል ጥልቀት እንዲኖረው፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም የዛፍ ቅርፊትም መሸሸጊያ እንዲሆን ይደረጋል። ክዳኑ በጥቃቅን ቀዳዳዎች አየር ማስገባትና በጥብቅ መዘጋት አለበት፤ መቶ እግር በጠባብ ክፍተት ሾልኮ ያመልጣል።

ምግብ የሚሰጠው እንስሳው ተሸሽጎ ከተረጋጋ በኋላ ነው። አንድ ትንሽ ፌንጣ ወይም በቤት የተራባ በረሮ ይበቃዋል፤ በማግስቱ ካልተበላ ይወጣል። ሁለት መቶ እግሮችን አንድ ሳጥን ውስጥ ማኖር አይገባም፣ አንዱ ሌላውን ይበላልና። ሳጥኑ ያለበት ክፍል መድኃኒት የማይነፋበት መሆን ይኖርበታል። አዲስ የመጣውንም ከቀድሞዎቹ እንስሳት ለይቶ ማቆየት ቅንቅንና ትል እንዳይዛመት ይረዳል።

ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው መተው ነው። ደህና መሆኑን ለማየት በየቀኑ አፈሩን መቆፈር፣ መሸሸጊያውን ማንሣት፣ በእንጨት መነካካት የሚያስጨንቀው አካሉን ብቻ አይደለም፤ ውሃ የሚቆጥብበትን ጥልቀትም ያፈርስበታል።

ለሰው የሚያደርሰው ጉዳት

የትልልቆቹ ንክሻ ብርቱ ሕመም፣ እብጠትና መቅላት ያስከትላል። ጤነኛ አዋቂን የመግደሉ ነገር እጅግ ብርቅ ቢሆንም ሕፃናትና የአለርጂ ችግር ያለባቸው ሰዎች መጠንቀቅ አለባቸው። የተነከሰውን ቦታ በሳሙና አጥቦ በማያቃጥል ሙቅ ውሃ ማሞቅ ሕመሙን ያስታግሳል፤ የመተንፈስ ችግር ወይም የፊት እብጠት ከታየ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። በባዶ እጅ መያዝ ለሰውም ለእንስሳውም አይበጅም።

ከሞተ በኋላ

ሳጥኑ በሙቅ ውሃ ይታጠባል፣ አፈሩ ሙሉ በሙሉ ይለወጣል። የሞተው እንስሳ አካልም መረጃ ነው። 70 በመቶ አልኮል ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ሲቀመጥና ከተያዘበት ስፍራና ቀን ጋር ወረቀት ሲገባለት ለዝርያ መለያ ያገለግላል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አራት ኪሎ ግቢ የሚገኘው የእንስሳት ተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የአገሪቱን እንስሳት ናሙናዎች ይዟል። የት፣ መቼና በምን ዓይነት አፈር እንደተያዘ የተጻፈለት አንድ መቶ እግር በሕይወት ባይቆይም ስለ አካባቢው እንስሳት ያለውን እውቀት ያሳድጋል። የተያዘበት ስፍራ፣ የጉዞው ጊዜ፣ የሙቀቱ ልክና ቆዳ የቀየረበት ቀን በማስታወሻ ሲሰፍሩም ቀጣዩን እንስሳ ከሞት የሚያድነው ይህ መዝገብ ነው።