እክል ቻይ

«እክል ቻይ ቁጥጥር» ሲባል «ቻይ» የሚለው ቃል ያሳስታል። ቻይ ሰው የምንለው ጉዳቱን ውጦ ዝም የሚለውን ነው። እክል ቻይ የሞተር መቆጣጠሪያ ግን ጉዳቱን ፈጥኖ ያውቃል፣ የተበላሸውን ክፍል ይነጥላል፣ በቀረው አቅም ሥራውን ይቀጥላል።

ሐርጌሳ ውሃዋን በዋናነት የምታገኘው ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ከሚርቁት የጌድ ዴብሌ ጉድጓዶች በፓምፕ እየተገፋ ነው። ፓምፑ ቆመ ማለት የከተማዋ የአሕመድ ዳጋህ ሰፈር እናቶች ጀሪካን ይዘው ወጡ ማለት ነው። ቃሉን በቁም ነገር የምወስደውም ለዚህ ነው።

ፓምፕ የሚያዞር ባለ3 ፌዝ ሞተር፣ ከረንት የሚመግበው ኢንቨርተር ትራንዚስተሩ ተቃጥሎ አንዱን ፌዝ ቢያጣ ይንቀጠቀጣል። ኒውትራሉ ከኢንቨርተሩ ጋር የሚገናኝበት መንገድ ካለ ግን፣ መቆጣጠሪያው የቀሩትን የሁለቱን ፌዞች ከረንት በ60 ዲግሪ አራርቆ መጠኑን 1.73 እጥፍ ሲያደርሰው የመዞር ኃይሉ ይመለሳል። ዋጋም አለው፤ በሁለቱ ፌዞች ጥቅሎች የሚፈጠረው ሙቀት 3 እጥፍ ስለሚሆን ጭነቱ መቀነስ አለበት። ፓምፕ ደግሞ ፍጥነቱ ከልክ በላይ ከወረደ ውሃውን ሽቅብ መግፋት ያቅተዋል። ስለዚህ ስንት እንደሚቀነስ አስቀድሞ፣ ሞተሩ ጤነኛ ሳለ መሰላት አለበት።