የደን ጠባቂው ማን ነው?

ደንን ከልሎ መጠበቅ ለአገራችን እንግዳ ሥራ አይደለም። ዙሪያው ሁሉ ሲታረስ በቤተ ክርስቲያን ዐፀድ ውስጥ ጥዱና ወይራው እንደ ቆመ መኖሩ፣ በወለጋም ሽማግሌዎች ለሸንጎ የሚቀመጡበት የኦዳ ዛፍ ምሳር ሳይነካው መቆየቱ ለዚህ ምስክር ነው። እነዚህን የጠበቃቸው የሕዝቡ አክብሮት ነው። መንግሥት የከለላቸው ደኖች ታሪክ ግን ከዚህ ይለያል፤ እኛም ይህንኑ ከነቀምት ተነሥተን ልንመለከተው እንወዳለን።

በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ከታወጀ በኋላ ታላላቆቹ ደኖች በመንግሥት እጅ ገቡ። ቆይቶም በመላ አገሪቱ 58 ደኖች ጥበቃ በቅድሚያ እንዲደረግላቸው ተመረጡ። ከነዚህም መካከል በነቀምት አጠገብ ያለው ኮምቶ፣ በሆሮ ጉዱሩ ጫቶ፣ በምዕራብ ወለጋም ጆርጎ ዋቶ ይገኙባቸዋል። ይሁን እንጂ የብዙዎቹ ወሰን በሕግ ሳይታወጅ ቀረ። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜም ከሰሜን የመጣ ብዙ ሕዝብ በወለጋ ሲሰፍር ለእርሻና ለጎጆ ዱሩ ተመነጠረ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ደግሞ ዘበኛው ከስፍራው ስለ ታጣ፣ በየአውራጃው የመንግሥት ደን በምሳር ተጎዳ። ጎረቤቱ ገበሬ ደኑን የሌላ ሰው ሀብት አድርጎ መቍጠርን ተምሮ ነበርና።

እንግዲህ መከለል ምን ያህል ይጠቅማል? ይህን ለመመዘን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከመንገድና ከከተማ ርቆ በገደል ላይ ያለ ደን ባይከለልም ብዙ ጊዜ አይቈረጥም፤ የእርሱ ጠባቂ ርቀቱ ነው። በኮስታሪካ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1997 ስለ ነበረው ዘመን የተደረገ ምርመራ፣ ተመሳሳዩን መሬት ከተመሳሳዩ ጋር ባስተያየ ጊዜ፣ ጥበቃ ባይኖር ኖሮ ከተከለለው ደን ይመነጠር የነበረው አንድ አሥረኛው ያህል መሆኑን አሳይቷል። ጥቅሙ እውነት ነው፤ ነገር ግን በተለመደው አቈጣጠር ከሚታሰበው ያነሰ ነው።

ስለዚህ እውነተኛው ፈተና ያለው እንደ ኮምቶ ባለው፣ ማገዶና የቤት ማገር የሚፈልግ ከተማ በጎረቤቱ በሚገኝ ደን ላይ ነው። በዚያ ርቀት አይጠብቅም፤ ዐዋጅም ብቻውን አይበቃም። በባሌ በኩል በአዳባና በዶዶላ የደኑ ነዋሪዎች በማኅበር ተደራጅተው ከመንግሥት ጋር ውል ገቡ፤ በደኑ የመኖርና የመጠቀም መብት ሲያገኙ፣ ደኑ እንዳይቀንስ የመጠበቅን ግዴታ ተቀበሉ። የወለጋም ደኖች የሚያስፈልጋቸው ይህ ነው፦ ወሰኑ በሕግ የጸና፣ ጥቅሙም ለጎረቤቱ የታወቀ ጥበቃ። መንግሥት ቢለወጥ እንኳ ከስፍራው የማይነሣ ዘበኛ ይኸው ጎረቤት ብቻ ነውና።