ደብዳቤ ጸሐፊው ልጅና የመጀመሪያው ልብ ወለድ

ባለፈው ወር የቁጠባችንን ብር ሰብስበን ሻይ ስንጠጣ፣ አንዲት አባላችን ከቦርሳዋ ሦስት ደብተር አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ወዲያው አፍራ መልሳ ልትከታቸው ስትል እጇን ያዝኳት። ልብ ወለድ ነው። አራት ዓመት ሙሉ ልጆቿ ከተኙ በኋላ ስትጽፈው ኖራለች፤ መጨረሻው ብቻ ቀርቷታል። «ለማን ብዬ ነው የምጨርሰው?» አለች። መልስ አልነበረኝም። ማታ ሳስበው ግን እዚሁ ክልላችን ውስጥ ያደገ አንድ ደራሲ ትዝ አለኝ።

ኑሩዲን ፋራህ እ.ኤ.አ. በ1945 ባይደዋ ተወለደ፤ ልጅነቱን ያሳለፈው ግን ከእኛ ወደ ደቡብ ርቃ በዋቢ ሸበሌ ዳር በምትገኘው ቀላፎ ነው። በትምህርት ቤት አማርኛ፣ እንግሊዝኛና ዓረብኛ ተማረ። የቤቱ ቋንቋ ሶማሊኛ ያኔ መንግሥት ያጸደቀለት ፊደል አልነበረውም፤ ሶማሊያ የላቲኑን ፊደል የተቀበለችው በ1972 ነው። ስለዚህ ልጁ ቤት የሚሰማው በአንድ ቋንቋ፣ ደብተሩ ላይ የሚጽፈው በሌላ ነበር።

እናቱ በቃል ግጥም የሚገጥሙ ሴት ነበሩ። ይህ ለጅግጅጋ ሰው አዲስ ነገር አይደለም፤ ሠርግ ላይ ቡራንቡር ሲወርድ ያልሰማች እዚህ መካከል የለችም። ስለ ደራሲው የሚጻፉ ጽሑፎች እናቱን በአንድ መስመር አልፈው ወደ ተማሪ ቤቱና ወደ መጻሕፍቱ ይሮጣሉ። እኔ ግን ጅማሬው እዚያ ቤት ይመስለኛል፤ ቃል መርጦ የመናገርን ሥራ መጀመሪያ ያየው ከሴት ነውና።

ሌላውን ትምህርቱን ያገኘው ከጎረቤት ነው። ልጅ ሳለ መጻፍ ለማይችሉ ሰዎች ደብዳቤ ይጽፍ ነበር። ራሱ እንደተረከው፣ አንድ ቀን አንድ ሰው ጥላው ለሄደች ሚስቱ ደብዳቤ አስጻፈው። ካልተመለሽ እደበድብሻለሁ ነበር የሚለው። ልጁ ያንን ትቶ፣ ካልተመለሽ እንደተፈታሽ ቁጠሪው ብሎ ጻፈ። ሴትዮዋም የደረሳትን አምና ሌላ ባል አገባች። ነገሩ ሲታወቅ አባቱ ደብዳቤ መጻፉን ከለከሉት። አደራ በላ የምትሉት ትኖራላችሁ፤ እኔም ብዙ አሰብኩበት። ብቻ ያቺን ሴት በዓይኑ ሳያያት በእሷ ቦታ ሆኖ ማሰቡን ልብ በሉልኝ።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ የድንበሩ ግጭት ሲነሳ ቤተሰቡ ወደ ሞቃዲሾ ሄደ። ኑሩዲን ከዚያ ህንድ አገር ቻንዲጋር ገብቶ በፓንጃብ ዩኒቨርሲቲ ተማረ። የመጀመሪያ ልብ ወለዱን በእንግሊዝኛ የጻፈው እዚያ፣ ከአገሩ ርቆ፣ ተማሪ ሆኖ ነው። በ1970 ሄኔማን የተባለው አሳታሚ በአፍሪካ ደራስያን ተከታታይ መጻሕፍቱ ውስጥ አወጣለት። ርዕሱ በአማርኛ «ከጠማማ ጎድን» እንደማለት ነው።

ባለታሪኳ ኤብላ የምትባል የአርብቶ አደር ልጅ ናት። አያቷ ለአንድ ሽማግሌ ሊድሯት ቃል ሲገቡ ከኦጋዴን ሰፈራቸው ጠፍታ በለድወይን ትገባለች። ያቺም ከተማ እንደ ቀላፎ የሸበሌ ወንዝ ዳር ናት። የተጠጋችው ዘመዷ ዘንድ ነው፤ ሚስቱን ታስታምማለች፣ ቤቱን ትሠራለች፤ እሱ ግን ኪሳራ ሲገጥመው እሷኑ ለሌላ ሰው ይሸጣታል። ዳግመኛ ሸሽታ ሞቃዲሾ ትገባለች። ከብት ሲሸጥ ያየች ልጅ የራሷን ዋጋ ሲነጋገሩበት ስትሰማ የምታስበው ነገር አንጀት ይበላል።

ቅር የሚለኝ አንድ ነገር አለ። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ኤብላን የመሰሉ ሴቶች ሊያነቡት አልቻሉም። የእነሱን ሕይወት የጻፈውም ወንድ ነው። ጥሩ አድርጎ ጽፎታል፤ ቢሆንም የእነሱ የራሳቸው ደብተር የት ገባ?

ይህን በሚቀጥለው ስብሰባ ለባለ ደብተሯ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና የመጀመሪያውን ምዕራፍ አነበበችልን። አራት ነበርን። አማርኛ ብዙም የማይሆንላቸውና ሁላችን ኤዶ የምንላቸው አባላችን ከጎናቸው በሶማሊኛ እየተተረጎመላቸው ያዳምጡ ነበር። መሀል ላይ አስቆሟት። «ልጅቷ ውኃ ልትቀዳ ነው የወጣችው አላልሽም? ታዲያ ጀሪካኑን የት ጣለችው?»

ሁላችንም ሳቅን። እሷ ግን አልሳቀችም፤ እስክሪብቶ ለምና ጠርዙ ላይ ጻፈች። ሁለተኛውን ምዕራፍ ሐሙስ ከቁጠባው በኋላ ታነብልናለች።