የሐዲድ ጠባቂው ቤት በግድግዳ ላይ፦ የጥቁር ደን ኩኩ ሰዓት አመጣጥ

በደቡብ ምዕራብ ጀርመን የሚገኘውና በአገሩ ቋንቋ «ሽቫርዝቫልድ»፣ ማለትም «ጥቁር ደን»፣ የሚባለው ተራራማ አካባቢ ስሙ የሚነሣው ከኩኩ ሰዓት ጋር ነው፤ ይህም ሰዓት በሞላ ቁጥር የእንጨት ወፍ ከትንሽ በር ብቅ እያለች የኩኩ ወፍን ጩኸት የምታሰማበት የግድግዳ ሰዓት ነው። ፈጣሪው የሾንቫልዱ ፍራንዝ አንቶን ኬተረር እንደሆነና ሥራውም በ1730ዎቹ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) እንደተከናወነ ሲነገር ቢኖርም፣ ሰውየው የተወለደው በ1734 በመሆኑ ትውፊቱ እንዲጸና ሰዓት ሠሪው ገና ሕፃን መሆን ነበረበት። ከዚያ አንድ ምዕት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1629፣ ፊሊፕ ሃይንሆፈር በሳክሶኒው መስፍን ዘንድ ስለነበረ ኩኩ የሚል ሰዓት ጽፏል።

ድምፁ የሚወጣው ከሁለት ትናንሽ ወናፎች ሲሆን፣ ሥራቸው አንጥረኛ ፍሙን ከሚያናፋበት ወናፍ የተለየ አይደለም፤ እያንዳንዱ በአንድ የእንጨት ፊሽካ አናት ላይ ተቀምጦ፣ መዘውሩ በሽቦ እያነሣ ሲለቀው በገዛ ክብደቱ ይከደንና አየሩን ወደ ፊሽካው ይገፋል። አንደኛው ቀጭኑን፣ ተከታዩ ወፍራሙን ድምፅ ስለሚሰጥ «ኩ-ኩ» ይሰማል። በሰንሰለት ከተንጠለጠሉት ሁለት ክብደቶች አንዱ ሰዓቱን፣ ሌላው ወፏን ያንቀሳቅሳል።

በአካባቢው ልማድ እርሻ ሳይከፋፈል ለአንድ ወራሽ ብቻ ይተላለፍ ስለነበር መሬት ያልደረሳቸው ወንድሞች በእጅ ሥራ ይተዳደሩ ነበር፤ ከእንጨት የተቀረጹትን የቀድሞዎቹን ሰዓቶች አዟሪዎች በጀርባቸው ተሸክመው ወደ ሩቅ አገር ይዘዋቸው ይሄዱ ነበር። ዛሬ የገበሬ ጥበብ ተደርጎ የሚታየው ቅርጽ ግን ከገበሬ ቤት የመጣ አይደለም። የፉርትቫንገን የሰዓት ሥራ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሮበርት ጌርቪግ በ1850 ለአዲስ የሰዓት ንድፍ ውድድር ሲያውጅ፣ የባደን ባቡር መሥመር ሕንፃዎችን ይነድፍ የነበረው አርክቴክት ፍሪድሪክ አይዘንሎር የሐዲድ ጠባቂን ቤት ፊት ወስዶ የሰዓት ገጽ አስገባበትና ዙሪያውን በወይን ሐረግ አስጌጠው። ይህ ቅርጽ «ባንሆይስለ»፣ ማለትም «የባቡር ጎጆ»፣ ተብሎ ቀረ። የአይዘንባኹ ዮሐን ባፕቲስት ቤሃ ደግሞ በ1860ዎቹ መጀመሪያ ክብደቶቹን በጥድ ፍሬ አምሳል ሠርቶ አወጣ።

ጌርቪግ ራሱ ሰዓቱን ትቶ ወደ ሐዲድ ሥራ ተመለሰ፤ በ1873 በተራራው ላይ የተጠናቀቀው የጥቁር ደን ባቡር መሥመር የእሱ ንድፍ ነው፣ የኩኩ ሰዓት ገዢዎች ወደሚጎርፉባት ትሪበርግም የሚያደርሰው ይኸው ነው።